ዕዳው ከደመወዙ የቀደመበት ዲግሪ

በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በሚኖሩ የሐበሻ ቤተሰቦች ዘንድ ከልጅ ስም ፊት «ዶክተር» የሚል ቃል ሲገባ ደስታው የቤቱ ብቻ አይደለም፤ የዕድሩም የቤተ ክርስቲያኑም ነው። ከእነዚህ ዶክተሮች አንዳንዶቹ ግን የቀዶ ሕክምና ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪሞች አይደሉም። ስትሮክ የጣለውን፣ ጉልበቱን በቀዶ ሕክምና ያስቀየረውን፣ ወገቡ አላላውስ ያለውን ሰው ዳግም በእግሩ የሚያቆሙ የፊዚካል ቴራፒ ባለሙያዎች ናቸው። ክቡር ሥራ ነው። ማዕረጉ ይዞት የሚመጣውን ዕዳ ግን በምርቃት ድግስ ላይ የሚያነሳ የለም። መነሳት የነበረበትም ማመልከቻው ሳይገባ ነበር።

በአሜሪካ ይህ ሙያ ሁልጊዜ ዶክትሬት አይጠይቅም ነበር። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ በመጀመሪያ ዲግሪ እንደሚሰጠው ሁሉ፣ እዚያም ባለሙያው ለረጅም ጊዜ በባችለር ዲግሪ ሥራ ይጀምር ነበር። በ1993 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኦማሃ የሚገኘው ክሬይተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ፕሮግራም ከፈተ። በ2000 የሙያው ማኅበር ባለሙያው ሁሉ ዶክትሬት ይኑረው የሚል ራዕይ አጸደቀ። እስከ 2015 መጨረሻ ድረስም ትምህርት ቤቶች ሁሉ ወደ ዶክትሬት እንዲሸጋገሩ ተደረገ። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም፤ ሕመምተኛው የሐኪም መላኪያ ሳይዝ በቀጥታ ሊመጣ ከሆነ፣ የሚቀበለው ሰው ከባዱን በሽታ ከቀላሉ የሚለይበት ዕውቀት ያስፈልገዋል።

ነገር ግን ትምህርቱን ያረዘመው አካልና ለሥራው የሚከፍለው አካል የተለያዩ ናቸው። ለእኔ የነገሩ ሥር ይህ ነው። አረጋውያንን የሚሸፍነው ሜዲኬር የሚከፍለው ለተሰጠው ሕክምና እንጂ ለዲግሪው አይደለም። በ1980ዎቹ በባችለር የተመረቀው ባለሙያና ትናንት ዶክተር የተባለችው ወጣት አንድ ዓይነት ሕክምና ሰጥተው የሚያስከፍሉት አንድ ዋጋ ነው። ያ ዋጋ ደግሞ እያደገ አልሄደም። ሜዲኬር ለእያንዳንዱ አገልግሎት ነጥብ ሰጥቶ ነጥቡን በዶላር ያባዛል፤ የአንዱ ነጥብ ዋጋ በ2020 36.09 ዶላር ነበር፣ በ2025 32.35 ሆነ። ክሊኒኩ በዚህ ገቢ ላይ ቆሞ ለዶክትሬቱ ተጨማሪ ደመወዝ ከየት ያመጣል? የማዕረጉን ዋጋ ተማሪው ብቻውን ተሸከመው።

እህት ሙያ የሆነው ኦኩፔሽናል ቴራፒም በዚሁ መንገድ ሊሄድ ነበር። በ2017 እውቅና ሰጪው አካል ከ2027 ጀምሮ መግቢያው ዶክትሬት ብቻ እንዲሆን ወሰነ፤ ተቃውሞ ገጠመውና ውሳኔው ተሽሮ ማስተርሱም ዶክትሬቱም ጸንተው ቀሩ። ትክክለኛ ማፈግፈግ ነበር።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንዲት ተማሪ ለትምህርትና ለኑሮ በዓመት 50 ሺህ ዶላር ለሦስት ዓመት ብትበደር፣ ወለዱም 8 በመቶ ቢሆን፣ ዋናው ብድር 150 ሺህ ነው። ወለዱ ግን ምርቃት አይጠብቅም፤ ገንዘቡ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። በአገር ቤት የወጪ መጋራትን የሚያውቅ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራ እስክትይዝ ዕዳው ባለበት የሚጠብቅ ይመስለዋል። ከምርቃት በኋላ የሚሰጠው የስድስት ወር የክፍያ እፎይታ ሲያልቅ ዕዳው 180 ሺህ ገደማ ደርሷል። በአሥር ዓመት ይለቅ ከተባለ በየወሩ ወደ 2,180 ዶላር ይከፈላል። በአገሪቱ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መሠረት የባለሙያው መካከለኛ ደመወዝ በ2024 101,020 ዶላር ነበር፤ ግብር ሳይነካው በወር 8,400 ገደማ ማለት ነው። ከሩብ በላይ የሆነው ለዕዳ ሄደ፤ አዲስ ተመራቂ ደግሞ ከዚህ ዝቅ ብላ ነው የምትጀምረው።

መውጫ መንገዶች አሉ። የግዛቱ ነዋሪ በግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ከግል ትምህርት ቤት በእጅጉ ያነሰ ነው። ለትርፍ ባልተቋቋመ ሆስፒታል ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት አሥር ዓመት እየሠራ 120 ክፍያ ያሟላ ሰው የቀረው የፌዴራል ዕዳ ይሰረዝለታል። ሁለት ዓመት ተምሮ የቴራፒስት ረዳት የሚሆን ሰው መካከለኛ ደመወዙ 65 ሺህ አካባቢ ነው፤ ከዕዳው ጋር ሲመዘን ይህ መንገድ የሚናቅ አይደለም፣ ወላጆች ቢቀበሉት። እኔ የማምንበት መለኪያ አንድ ነው፤ ጠቅላላ ዕዳው ከመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ አይብለጥ።

አሁን ሌላ ለውጥ መጥቷል። ከ2006 ጀምሮ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ትምህርት ቤቱ የጠየቀውን ያህል ከፌዴራል መንግሥት መበደር ይችል ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ይህን በር ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘጋው። «የፕሮፌሽናል ዲግሪ» ለተባሉት በዓመት 50 ሺህ፣ ለሌሎች 20,500 ዶላር ጣሪያ ተቀመጠ። የትምህርት ሚኒስቴሩ ያዋቀረው ኮሚቴ በ2025 መጨረሻ በተስማማበት ዝርዝር ሕክምና፣ ሕግ፣ ሥነ መለኮት፣ ካይሮፕራክቲክም ገብተዋል፤ ፊዚካል ቴራፒና ኦኩፔሽናል ቴራፒ አልገቡም። ከውጭ በቀሩት ስሌት በሦስት ዓመት የሚገኘው 61,500 ዶላር ነው። ጣሪያው ትምህርት ቤቶች ዋጋ እንዲቀንሱ ያስገድዳል የሚሉ አሉ፤ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እስከዚያው ግን ጉድለቱን የሚሞላው የግል ባንክ ነው። የባንክ ብድር በአሥር ዓመት አገልግሎት አይሰረዝም። ባንኩም ገቢ ለሌላት ተማሪ ብዙውን ጊዜ ያለ ዋስ አያበድርም፤ ዋስ ሆኖ የሚፈርመው ደግሞ ታክሲ እየነዳ ያሳደጋት አባቷ ነው።