የወፎች ቀለብ በሀና ማርያም ግቢ፤ በብርድና በዝናም ወራት

የአውሮፓ የወፍ መጻሕፍት በክረምት ጊዜ በየግቢው ለወፎች እህል እንዲበተን ይመክራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በረዶው መሬቱን ሸፍኖ ዘሩንና ትሉን ይሰውርባቸዋል፤ ቀኑም ያጥራል። በለንደን እጅግ አጭሩ ቀን 8 ሰዓት ያህል ሲሆን በአዲስ አበባ ግን 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ዳሩ ግን ምክሩን እንዳለ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ክረምት» የሚለው ቃል ያሳስተናል። የነሱ ክረምት የሚውለው በኛ በጋ ነውና። ታዲያ በሀና ማርያም ግቢ ወፎች የሚቸገሩት በየትኛው ወር ነው?

ብርዱ የሚበረታው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ሰማዩ ደመና ስለሌለው መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ያለ ከልካይ ትለቀዋለች፤ ንጋት ላይም ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። ትንሽ አካል ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ስለዚህ ድንቢጥ በማለዳ ላባዋን ነፍታ፥ ኳስ መስላ፥ አጥር ላይ ፀሐይ ስትጠብቅ እናያታለን። ብትበርዳትም አትራብም። ሣሩ ዘር አፍርቷል፤ እህሉም ታጭዷል፤ በየግቢው ስጥ ይሰጣል፤ ስንዴው በሰፌድ ሲበጠር ብጣሪው መሬት ላይ ይቀራል። ስጥ ጠባቂው ልጅ ለጨዋታ ዘወር ባለ ቁጥር ግብዣ ነው። ባለቤቲቱ ግብዣ ብላ ባትጠራውም፥ ያገራችን የወፍ ማዕድ ይኸው ነው።

እውነተኛው ችግር የሚመጣው በሰኔና በሐምሌ ነው። ዝናሙ ሲገባ መሬት ላይ የቀረው ዘር ይበቅላል፤ የበቀለ ዘር ደግሞ ለዘር ለቃሚ ወፍ ምግብነቱ አበቃ። አዲሱ ሣር ዘር የሚይዘው ወደ መስከረም ግድም ነው። ስጡም በዝናሙ ምክንያት ይቋረጣል። ትል ለቃሚዎቹ በዚህ ጊዜ ይጠግባሉ፤ ድንቢጥና ዋኔ ግን ይቸገራሉ። እንግዲህ እህል የሚሰጥ ሰው በዚህ ወራት ቢሰጥ ይሻላል እንላለን። ጥቂት ጥቂት እያደረገ፥ ዝናም በማይደርስበት በጣራው ጠርዝ ሥር ያስቀምጥ፤ ትራፊውንም ማታ ማታ ያንሣ። የሻገተ እህል ወፍን ያሳምማል፤ አይጥም ይጠራል።

በግቢ ወፍ ለሚቆጥር ተማሪም አንድ ማሳሰቢያ አለን። በታኅሣሥ በስጥ ላይ ብዙ ወፍ ማየት ወፍ በዛ ማለት አይደለም። በሀና ማርያም ሜዳውና እርሻው በቤት እየተያዘ ሲሄድ፥ በሰፊው ይበተን የነበረው መንጋ በቀሩት ጥቂት ስጦች ላይ ሊከማች ይችላል።

በዚያ መንጋ ውስጥ ደግሞ ጠፋ የምንለው ወፍ ሊኖር ይችላል። ሰው ሲጠፋብን «የመስቀል ወፍ ሆንክ» እንላለን። ይሁን እንጂ በመስከረም ደምቀው ከምናያቸው ወፎች አንዱ፥ ጥቁርና ቢጫ የሚለብሰው፥ አገር ለቆ አይሄድም፤ የመራቢያው ወራት ሲያልፍ ላባውን ለውጦ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ይሆናል እንጂ። ከስጡ ሲነሣ ከጅራቱ በላይ፥ በወገቡ ላይ፥ ቢጫ ብልጭ ካለ እሱ ነው።