በቦሌ ሶኬት ውስጥ ያለ ሳይን

የሳይን ፔሪየድ 2 ፓይ መሆኑን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ለምን እንደሆነ ግን ጥቂቱ ይጠይቃል፤ ሌላው ቀመሩን ሸምድዶ ያልፋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱን ላየ ሰው ቀመሩን መሸምደድ አያስፈልገውምና።

ፔሪየድ አንድ ፋንክሽን መላ ቅርጹን እንደገና ለመጀመር የሚፈጅበት ትንሹ ርዝመት ነው። ሳይን ዜሮ ላይ ዜሮ ነው፤ ፓይ ላይም ዜሮ ነው። ሆኖም መጀመሪያ ላይ እየወጣ ነበር፣ ፓይ ላይ እየወረደ ነው፤ ስለዚህ ገና አልተመለሰም፤ እየወጣ ዜሮ ላይ ዳግም የሚደርሰው 2 ፓይ ላይ ነው። ታንጀንት ግን ፓይ ላይ በእርግጥ ይመለሳል። እዚያ ሳይንም ኮሳይንም ምልክታቸውን ስለሚቀይሩ፣ ሲካፈሉ ለውጡ ይጣፋል።

አሁን ወደ ቦሌ እንምጣ። የሰፈሩ መብራት፣ እንደ አገሩ ሁሉ፣ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ጊዜን በሰከንድ «ጊ» ብንለው፣ የቮልቱ ቀመር 311 × ሳይን (100 × ፓይ × ጊ) ይሆናል። 311 የሞገዱ ከፍታ ነው፤ ፔሪየዱን አይነካም። ሞገዱ የሚመለሰው በቅንፉ ውስጥ ያለው 2 ፓይ ሲጨምር ነው። 2 ፓይ ለ100 ፓይ ሲካፈል 0.02 ሰከንድ ይሰጣል።

ቦሌ ኤርፖርት ግቢ የቆመ ጄት ይህን መብራት እንዳለ አይወስድም። አብዛኞቹ መንገደኛ ጄቶች መሬት ላይ ሲቆሙ የሚቀበሉት 115 ቮልት፣ 400 ኸርዝ ነው፤ ድግግሞሹ ሲጨምር ትራንስፎርመሩና ሞተሩ ቀላል ሆነው መሠራት ስለሚችሉ ነው፤ በአየር ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ኪሎ ዋጋ አለው። በቅንፉ ውስጥ 800 ፓይ ይገባል፣ ፔሪየዱም 0.0025 ሰከንድ ይሆናል። በአንድ የቤት ሞገድ ውስጥ ስምንት የአውሮፕላን ሞገድ ያልቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ድሪምላይነር ደግሞ ይለያል፤ የሞተሮቹ ጄኔሬተሮች ድግግሞሽ እንደ ሞተሩ ፍጥነት ከ360 እስከ 800 ኸርዝ ይለዋወጣል። ፍጥነቱ በሚለዋወጥባት ቅጽበት፣ በጥብቅ ከተናገርን፣ ፔሪየድ የሚባል ነገር የለም።

ተማሪን የሚያሳስተው የሳይን ካሬ ነው። አሉታዊው ግማሽ በካሬ አዎንታዊ ስለሚሆን ፔሪየዱ ወደ ፓይ ያጥራል። የአምፖል ጉልበት የቮልቱን ካሬ ይከተላል፤ ስለዚህ የድሮው የሽቦ አምፖል በሰከንድ 50 ሳይሆን 100 ጊዜ ይደምቃል።

ሁለት ሞገዶች ሲደመሩ የሁለቱን ፔሪየዶች የጋራ ብዜት እንፈልጋለን፦ የ50ው እና የ400ው ድምር በ0.02 ሰከንድ ይመለሳል። ሳይን (ጊ) እና ሳይን (የ2 ስኩዌር ሩት × ጊ) ግን የጋራ ብዜት የላቸውም፤ ድምራቸው የቱንም ያህል ብንጠብቅ ቅርጹን አይደግምም።