ተጨማሪ መረጃ፦ ቴሌቪዥንን በሙሉ ጥራቱ የኮምፒውተር ስክሪን ማድረግ

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በአገራችን 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ታላላቆቻችሁን ትምህርቱ ይታይበት ስለነበረው ስክሪን፣ ስለ «ፕላዝማ»፣ ብትጠይቋቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ያ ስክሪን የሚያሳየው ከሳተላይት የመጣለትን ትምህርት ነበር። ዛሬ አንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ካለ የቤት ቴሌቪዥንም የኮምፒውተር ስክሪን ይሆናል።

ችግሩ የሚታየው ጽሑፍ ሲከፈት ነው። ፊደሉ ይደበዝዛል፤ ከታች በኩል ሰዓቱ ያለበት ረድፍ ተቆርጦ ይጠፋል። ምክንያቱ የቆየ አሠራር ነው፤ የድሮዎቹ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥኖች የምስሉ ጠርዝ ስለማይስተካከልላቸው ምስሉን በጥቂቱ አሳድገው ጠርዙን ይደብቁት ነበር። ብዙ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖችም ይህንኑ ወርሰዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የቴሌቪዥኑን ሜኑ ክፈቱ። ከምስል መጠን ምርጫዎች መካከል በኤልጂ «ጀስት ስካን»፣ በብዙ ሳምሰንጎች «ስክሪን ፊት» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በኮምፒውተሩ የቴሌቪዥኑን ትክክለኛ ሪዞሉሽን አስገቡ፤ ሙሉ ኤችዲ ከሆነ 1920 በ1080፣ ማለትም 2,073,600 ነጥቦች ነው።

ብዙ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ግን ያላቸው 1366 በ768 ነጥብ ብቻ ነው። የ1920 በ1080 ምስል ይቀበላሉ፤ ሆኖም ጨምቀው ስለሚያሳዩት በደቃቅ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ «ሚ»ን ከ«ሜ» መለየት ያስቸግራል። ለኮምፒውተር ብላችሁ ቴሌቪዥን ስትገዙ ከኢንቹ ይልቅ ሪዞሉሽኑን ጠይቁ።