የዲስክ ተራ ቁጥርና መታወቂያ

ዲስክ ፎርማት ለማድረግ የተቀመጠ ሰው አንድ ዝርዝር ይገጥመዋል። ዲስክ 0፣ ዲስክ 1፣ ከዚያም የዲስኩ ክፍልፋዮች የሆኑትን ፓርቲሽን 1፣ ፓርቲሽን 2 እያለ ይወርዳል። የልጆቹ ፎቶ በየትኛው ላይ እንዳለ ግን ዝርዝሩ አይነግረውም። ትናንት ዲስክ 1 የነበረው ዛሬ ዲስክ 0 ሊሆን እንደሚችል ያላወቀ ሰው ዓመታት ያጠራቀመውን ባንዴ ሊያጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው የቁጥሮቹን ምንጭ ማወቅ ለባለሙያ ብቻ የማይተወው።

ሁላችንም ከምናውቀው ከ«ሲ» እንነሳ። «ኤ» እና «ቢ» በፍሎፒ የተያዙ ነበሩ። አይቢኤም በ1983 ባለ 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለውን ኤክስቲ ኮምፒውተር ሲያወጣ ቀጣዩ ፊደል ለሃርድ ዲስኩ ደረሰው፤ ፍሎፒ ከጠፋም በኋላ «ሲ» ከቦታው አልተነቃነቀም። ፊደሉ ግን ዲስኩ ላይ አልተጻፈም፤ ዊንዶውስ በራሱ መዝገብ የያዘው ማስታወሻ ነው። ፊልምና ሰነድ የምናከማችበት «ዲ» ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ «ኢ» ወይም «ኤፍ» ሆኖ ቢመጣ መደንገጥ አያስፈልግም።

ሊነክስ ደግሞ «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ» እያለ ይጠራና ፓርቲሽኑን ከኋላ በቁጥር ያስከትላል። ፊደሉ የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ ለተገኘው ስለሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ሊቀያየር ይችላል።

በቆዩ ዲስኮች ላይ 1፣ 2፣ 5 የሚሉ ፓርቲሽኖች ይታያሉ። 3 እና 4 የት ሄዱ? አልጠፉም፤ መጀመሪያውኑ አልነበሩም። ኤምቢአር የሚባለው የድሮ አሠራር ከዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ለፓርቲሽን ሠንጠረዥ የተወው 64 ባይት ብቻ ነው። አንዱ ፓርቲሽን 16 ባይት ስለሚወስድ ከአራት በላይ አይገባም። ተጨማሪ ለሚፈልግ ከአራቱ አንዱ መያዣ ሆኖ ሌሎች በውስጡ እንዲደረደሩ ተደረገ። ሊነክስ እነዚህን የውስጦቹን ሁልጊዜ ከ5 ጀምሮ ይቆጥራል። በሰንሰለት የተያያዙ በመሆናቸው 5ኛው ሲሰረዝ 6ኛው 5 ይሆናል። ይህን ቁጥር እንደ ስም መያዝ ወረፋ የቆመን ሰው በተራ ቁጥሩ እንደ መጥራት ነው፤ ከፊቱ አንዱ ሲወጣ ቁጥሩ ለሌላ ይተላለፋል።

ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ አሠራር ይህን የቁጥር መቀያየር ፈታው። በተለመደው አሠራሩ 128 ቦታ አለው፤ 2ኛው ቢሰረዝም 3ኛው 3 እንደሆነ ይቀራል። ከሁሉ በላይ የምወድለት ለእያንዳንዱ ፓርቲሽን ባለ 128 ቢት መለያ መስጠቱን ነው። በፓርቲሽኑ ውስጥ ፋይሎችን የሚያደራጀው ፋይል ሲስተምም ዩዩአይዲ የሚባል የራሱ መለያ ይኖረዋል። ሁለቱን አለማምታታት ነው፤ ፎርማት ሲደረግ የፋይል ሲስተሙ መለያ ይለወጣል፣ የፓርቲሽኑ ግን ይቆያል። ዛሬ ብዙዎቹ የሊነክስ ዓይነቶች ሲነሱ ፓርቲሽናቸውን የሚፈልጉት በዩዩአይዲ ስለሆነ ገመዱ ሌላ ቦታ ቢሰካም አይሳሳቱም።

ችግር የሚመጣው ዲስክ እንዳለ ሲገለበጥ ነው፤ መለያውም አብሮ ይገለበጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ከተሰኩ ሊነክስ የትኛውን እንደሚያነሳ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ዊንዶውስ ደግሞ አንዱን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል።

እኔ ፎርማት ከማድረጌ በፊት የማይነካውን ዲስክ ሁሉ እነቅላለሁ። መንቀል ካልተቻለ ቁጥሩን ትቼ መጠኑን፣ የሰጠሁትን ስምና የመለያውን የመጨረሻ አራት ሆሄያት ወረቀት ላይ ከጻፍኩት ጋር አስተያያለሁ።