አውቶቡስ ሲቀርብኝ ያየሁት የበግ ግቢ

የኡልፓን ጓደኞቼ፣ ጽሑፌ እንደ ተማረ ሰው ባይሆንም ያየሁትን ላስረዳችሁ።

በቀደም ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ማታ ደግሞ የዕብራይስጥ ፈተና አለብኝ። ከመንገዱ ማዶ ስንዴው ታጭዶ በቀረው ላይ በጎች ይግጣሉ። ልቤ አልቻለም፣ ተሻገርኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ባለችኝ ዕብራይስጥና በእጅ ምልክት ተግባባን፤ ግቢያቸውን አሳዩኝ።

እኛ አገር በግ ለገበያና ለበዓል ነው እንጂ ማን ያልበዋል? እዚህ ግን ዋናው ወተቱ ነው። ጠዋትና ማታ በማሽን ይታለባል፤ አይብና እርጎ ይሆናል።

የአገሩ የጥንት በግ አዋሲ ይባላል። ላቱ ትልቅ ነው። በበጋ ሣር ሲጠፋ፣ ግመል በሻኛዋ እንደምትኖረው፣ እሱም በላቱ ስብ ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ተመራማሪዎች አዋሲን ከጀርመን ከመጣ ወተታም በግ ጋር አዳቀሉት። የተገኘው ዘር አሳፍ ይባላል። ጥሩ አሳፍ በአንድ ወሊድ ከ300 ሊትር በላይ ይታለባል።

ኋላ ስጠይቅ የሰማሁት ደግሞ ገረመኝ። አዋሲ ከእስራኤል ወደ ኢትዮጵያም ሄዷል። ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ ከመንዝ በግ ጋር ተዳቅሏል። የመንዝ በግ ብርድና ችግር ይችላል፣ ግን ትንሽ ነው፤ አዋሲ በሰውነቱ ይበልጣል። ለካ እኔ ወደዚህ ሳልመጣ በጉ ወደዚያ ሄዶ ኖሯል!

ልወጣ ስል አንዲት በግ ስታነክስ አየሁ። ይዤ ሰኮናዋን ብከፍተው እሾህ ተሰክቷል፤ ነቀልኩላት። ሽማግሌው «አታ ዮዴአ!» አሉኝ፤ «ታውቃለህ!» ማለት ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ «ሎ ዮዴአ» የምል ሰው ነኝ። ይህን ቃል በዚህ አገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። በመኪናቸው አደረሱኝ፤ ፈተናው ተጀምሮ ነበር፣ ግን ገባሁ።

ከግቢው የያዝኳቸው ቃላት፦
ኬቬስ — ወንድ በግ
ኪቭሳ — እንስት በግ
ታሌ — ግልገል
ጼሜር — የበግ ፀጉር (በግዕዝ ፀምር)
ኻላቭ — ወተት (በግዕዝ ሐሊብ፤ «አለበ» የምንለውም ዘመዱ ነው)

እናንተም አገር ቤት የምታውቁትን ሥራ እዚህ እንዴት እንደሚሠሩት ጠይቁና ጻፉልን። ቃሉ ቶሎ ይያዛል።