«ስፒን»፦ ከእንዝርት እስከ ኤም አር አይ

«ስፒን» የተሰኘው አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ትርጉም አለው። ጥንታዊ ፍቺው ጥጥን ወይም ሱፍን መፍተል ነው። ቀጥሎ በራሱ ዙሪያ የሚሾርን ነገር ሁሉ፣ ከእንዝርት እስከ ምድር፣ መግለጫ ሆነ። በፖለቲካው ዓለም ደግሞ ወሬን ለራስ በሚመች መንገድ ጠምዝዞ ማቅረብ ማለት ነው። ከሁሉም የራቀውን ትርጉም የሰጡት ግን የፊዚክስ ሊቃውንት ናቸው። የዚህም ታሪክ በጀርመኗ ፍራንክፈርት አም ማይን ይጀምራል።

ጊዜው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት፣ የገንዘብ ችግር የበረታበት ነበር። የፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲው ማክስ ቦርን ስለ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ የመግቢያ ዋጋ የሚከፈልበት ትምህርት ለሕዝብ እየሰጠ ለምርምር ገንዘብ አሰባሰበ። ኦቶ ሽተርን ባመነጨው ሐሳብ መሠረት ቫልተር ጌርላኽ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1922 ወሳኙን ሙከራ አከናወነ። አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ብር በምድጃ ጋለ፤ የተነኑት የብር አተሞች በጠባብ ቀዳዳ አልፈው፣ በማግኔት መካከል ተጉዘው በመስታወት ላይ አረፉ።

በነባሩ ፊዚክስ መሠረት አተሞቹ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ያዘነበሉ ጥቃቅን ማግኔቶች ከሆኑ፣ የሚተዉት ምልክት አንድ ሰፊ ጥላ መሆን ነበረበት። የታየው ግን ለሁለት የተከፈለ ምልክት ነበር። ጌርላኽ ፎቶግራፉን በፖስታ ካርድ ለኒልስ ቦር ላከለት።

ትክክለኛው ማብራሪያ የተገኘው ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ሁለት ወጣት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ ኡለንቤክና ጋውድስሚት፣ ኤሌክትሮን እንደሚሾር አካል የራሱ የዙረት ባሕርይ እንዳለው አመለከቱ። ለዚህም ባሕርይ «ስፒን» የሚለው ስም ጸና።

ሆኖም ስሙ ያሳስታል። ኤሌክትሮን በእርግጥ የሚሾር ትንሽ ኳስ ቢሆን ኖሮ ገጽታው ከብርሃን ፍጥነት በላይ መሽከርከር ነበረበት፤ ይህ ደግሞ አይቻልም። እንዝርት ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ በመጨረሻም ይቆማል። የኤሌክትሮን ስፒን መጠን ግን አይጨምርም፣ አይቀንስም። በየትኛውም አቅጣጫ ሲለካ የሚሰጠው መልስ ሁለት ብቻ ነው፦ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች። ስለዚህ በአማርኛ «ሹረት» ሲባል የእንዝርቱን ሥዕል ትቶ መረዳት ያሻል።

የሃይድሮጅን አስኳል የሆነው ፕሮቶንም ስፒን አለው። ሽተርን የፕሮቶንን ማግኔታዊ ኃይል በሐምቡርግ ከባልደረቦቹ ጋር ለካ፤ አይሁዳዊ በመሆኑም ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ከጀርመን ወጣ። የ1943 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትም ተሰጠው።

ዛሬ የኤም አር አይ መሣሪያ የሚሠራው በዚሁ ባሕርይ ነው። ብርቱ ማግኔት በሰውነት ውስጥ ባለው ውኃ የሚገኙትን ፕሮቶኖች ያሰልፋል፤ የሬዲዮ ሞገድ ከሰልፋቸው ያናጋቸዋል፤ እነርሱ የሚመልሱት ምልክትም ወደ ምስል ይለወጣል። መሣሪያው ኤክስ ሬይ አይጠቀምም። ነገር ግን ማግኔቱ እጅግ ብርቱ በመሆኑ፣ በሰውነቱ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ታካሚ ከመግባቱ በፊት ለባለሙያው መናገር ይኖርበታል።