ስለ ሒሳብ የሚወራው ሁሉ እውነት ነውን?

ማታ ከሥራ ገብታችሁ አረፍ ስትሉ ልጃችሁ የሒሳብ ደብተሯን ዘግታ «አይገባኝም፣ ተዉኝ» ብትላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? በየቤቱ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት መልሶች ሁለት ናቸው። አንዱ «አይዞሽ፣ አንስታይንም በሒሳብ ወድቆ ነበር» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ግድ የለም፣ ሒሳብ ለሴት ልጅ ይከብዳል» የሚል ነው። ሁለቱም የሚነገሩት በፍቅር ነው። ዳሩ ግን ልጅ የወላጁን ቃል እንደ ፍርድ ስለሚቀበል፣ የምንነግረው እውነት መሆኑን አስቀድመን ማጣራት ይገባናል።

በመጀመሪያ የአንስታይንን ወሬ እንመልከት። አልበርት አንስታይን በዙሪክ ከተማ ወደሚገኘው ፖሊቴክኒክ ለመግባት እ.ኤ.አ. በ1895 ሲፈተን ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ፈተናውን በጠቅላላው አላለፈም፤ በሒሳብና በፊዚክስ ግን ጥሩ ውጤት አገኘ። በዓመቱ በአራው ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ በአልጀብራና በጂኦሜትሪ 6 ተሰጠው። በዚያ ትምህርት ቤት ከ6 የሚበልጥ ነጥብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1935 ይኸው ወሬ በጋዜጣ ወጥቶ ቢያሳዩት፣ በሒሳብ ወድቆ እንደማያውቅና 15 ዓመት ሳይሞላው ካልኩለስን እንደተማረ ተናግሯል። ስለዚህ ወሬው ሐሰት ነው።

ሁለተኛው ስለ ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ስለ ካርል ጋውስ የሚነገረው ነው። መምህሩ ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች ደምሩ ቢላቸው፣ ትንሹ ጋውስ ወዲያው 5050 ብሎ መለሰ ይባላል። ታሪኩ መሠረት አለው። ጋውስ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1856 ወዳጁ ሳርቶሪየስ ስለ ሕይወቱ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን «ከ1 እስከ 100» የሚለው በዚያ ላይ የለም፤ በኋላ የመጡ ተራኪዎች የጨመሩት ነው። ስሌቱ ግን ትክክል ነው። 1 እና 100 ሲደመሩ 101፣ 2 እና 99 ሲደመሩም 101 ይሆናሉ፤ እንዲህ ያሉ ጥንዶች 50 ስለሆኑ 101 በ50 ሲባዛ 5050 ይመጣል። ይህን ለማየት ሊቅ ሆኖ መወለድ አያስፈልግም።

እናቶች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የጋውስ እናት ፊደል በቅጡ ያልቆጠሩ ሴት ስለነበሩ የልጃቸውን የልደት ቀን አልጻፉትም። ያስታወሱት ዕለቱ ረቡዕ፣ ለዕርገት በዓል 8 ቀን ሲቀረው መሆኑን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1777 ፋሲካ በእነርሱ ዘንድ መጋቢት 30 ቀን ስለዋለ፣ 40ኛው ቀን ዕርገት ሐሙስ ግንቦት 8 ሆነ። ወደ ኋላ 8 ቀን ሲቆጠር ረቡዕ ሚያዝያ 30 ይገኛል፤ የጋውስም ልደት ይኸው ነው። ያልተማሩት እናት ያስታወሱት አንድም ቀን አልተሳሳተም።

ሦስተኛው «ሒሳብ ለሴት ይከብዳል» የሚለው ነው። በሒሳብ ከፍተኛ ክብር ያለው የፊልድስ ሜዳልያ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ሲሰጥ እስከ 2014 ድረስ አንዲት ሴት እንኳ አላገኘችውም። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ ነውን? በጀርመን አገር በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ታላቋ የሒሳብ ሊቅ ኤሚ ኖተር ሴት በመሆኗ ብቻ እ.ኤ.አ. እስከ 1919 በራሷ ስም እንድታስተምር አልተፈቀደላትም። ትምህርቷ የሚሰጠው በወንዱ ፕሮፌሰር በዴቪድ ሂልበርት ስም ነበር፤ ደመወዝም አልነበራትም። በር ተዘግቶባት የቆየችን ሴት «ለምን አልገባሽም?» ብሎ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም።

በ2014 ሜዳልያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘችው ሴት በቴህራን የተወለደችው ማርያም ሚርዛካኒ ናት። እርሷ በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያ ዓመት በሒሳብ ደክማ ነበር። መምህሯ ተሰጥኦ እንዳላት ስላልቆጠራት በራሷ ላይ እምነት አጣች። በሚቀጥለው ዓመት የሚያበረታታ መምህር ስታገኝ ግን ተለወጠች፤ እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 በዓለም አቀፍ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ወርቅ አገኘች። እርሷ በ2017 በ40 ዓመቷ ብታርፍም፣ በ2022 ዩክሬናዊቷ ማሪና ቪያዞቭስካ ሁለተኛዋ የሜዳልያው ባለቤት ሆናለች። እንግዲህ የደከመች ልጅን ማጽናናት ከፈለጋችሁ፣ ከአንስታይን ሐሰተኛ ወሬ ይልቅ ይህን እውነተኛ ታሪክ ንገሯት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ «እኔም ሒሳብ አይሆንልኝም ነበር» ማለትን ተዉ። ደመወዝን ለቤት ኪራይ፣ ለአስቤዛና ለእቁብ ከፋፍላ ወሩን የምታደርስ እናት ሒሳብ አላውቅም ልትል አይገባም። ልጅቱን «የትኛው መስመር ላይ ነው የተቸገርሽው?» ብላችሁ ጠይቋት፤ እናንተ ባትችሉት እንኳ መምህሯን የምትጠይቀውን ነገር ለይታ ታውቃለች።

ለዚህ ሳምንት ከልጆቻችሁ ጋር ከ1 እስከ 20 ያሉትን ቁጥሮች በጥንድ በጥንድ እያደረጋችሁ ደምሩ። 21 በ10 ሲባዛ 210 ይመጣል። ከ1 እስከ 40 ያለውን ግን ራሳቸው ያግኙት።